በሁለት ስልክ ስለ ጅምላ ፍረጃ ዶክመንተሪ ልንሠራ ነው፤ ባሕር ዳር ያላችሁ ምከሩን

ጣና_ሚዲያ_ክበብ

ሰላም ለቤቱ። ባሕር ዳር የምንማር አምስት የኮሌጅ ተማሪዎች ነን። ወጣቱ እርስ በርሱ ስለሚፈራረጅበት ነገር የ12 ደቂቃ ዶክመንተሪ ልንሠራ ነው። «የገጠር ልጅ ፋራ ነው»፣ «ሴት ኢንጂነሪንግ ገብታ አትዘልቅም»፣ «ፀጉሩን ያሳደገ ወንድ ዱርዬ ነው»፣ «ነን ካፌ (ከግቢው ምግብ ቤት የማይመገብ ተማሪ) ሁሉ የሀብታም ልጅ ነው»፣ «ባጃጅ የሚነዳ ትምህርት የከበደው ነው» የሚባሉትን ዓይነት።

ያሰብነው እንዲህ ነው። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ሐይቁ ዳር የሚንሸራሸሩትን እያስቆምን «ስለ እነዚህ ሰዎች ምን ታስባላችሁ?» እንላለን። ከመልሶቹ ጠንከር ያሉትን በፈጣን ቅንብር መክፈቻ እናደርጋቸዋለን። ቀጥሎ አንድ የሳይኮሎጂ መምህር ያብራራሉ፣ መጨረሻ ላይ ተራኪው መልእክት ያስተላልፋል።

ያለን ዕቃ ሁለት ደህና አንድሮይድ ስልክ፣ አንድ ባለ ገመድ የደረት ማይክ፣ አንድ ትሪፖድ እና ባለ 8 ጊጋ ራም ላፕቶፕ ነው። ካሜራ ለመከራየት ዐቅም የለንም። ዕቅዱ ያስኬዳል? ፈቃድ የሚጠየቀው ከማን ነው? የሐይቁ ነፋስ ድምፁን እንዳያበላሸውስ ምን እናድርግ?

መቀስ

ዕቃው ይበቃችኋል። የማያስኬደው ዕቅዱ ነው፣ በተለይ መክፈቻው።

መንገድ ላይ «ስለ እነ እገሌ ምን ታስባለህ» የተባለ ሰው ወይ «ሁሉም ሰው እኩል ነው» ብሎ ያልፋል፣ ወይ አጠገቡ ያሉትን ጓደኞቹን ለማሳቅ ያጋንናል፣ ወይ ሲባል የሰማውን ይደግማል። ከዚያ እናንተ የተጋነኑትን ለቅማችሁ በ40 ሰከንድ ውስጥ ዐሥር ስድብ ትደረድራላችሁ። ተመልካቹ ይዞት የሚወጣው ያንን ነው። የመምህሩ ማብራሪያ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ሲመጣ ግማሹ አዳራሽ ስልኩን እየነካካ ነው። አንዱ ደግሞ መክፈቻውን ብቻ ቆርጦ ቲክቶክ ላይ ይለጥፈዋል፤ ይህ የሚሆን ነገር ስለሆነ ከወዲሁ አስቡበት። ቅንብሩ ሲያልቅ ፊልሙን እያስቆማችሁ «ይህ 15 ሰከንድ ብቻውን ቢወጣ ማንን ይጎዳል?» እያላችሁ ፈትሹት። ፍረጃው እና ፍረጃውን የሚያፈርሰው ነገር በአንድ ሾት ውስጥ፣ ቢቻል ከአንድ ሰው አፍ ይውጡ። «እንዲህ ይሉኛል፣ የምሠራው ግን ይኸው» የምትል ልጅ ተቆርጣም አትጎዳም።

ጥያቄውን ከአስተያየት ወደ ድርጊት አዙሩት። የገጠሩን ልጅ «ስለ ገጠር ልጆች ምን ይባላል?» አትበሉት። «ዶርም የገባህ ቀን መጀመሪያ ያነጋገረህ ማነው? ምን አለህ? አንተስ ምን መለስህ?» በሉት። ኢንጂነሪንግ የምትማረውን «ይከብዳል ወይ?» አትበሏት። «ወርክሾፕ ውስጥ በቡድን ስትሠሩ መሣሪያውን የሚይዘው ማነው? ሪፖርቱን የሚጽፈውስ?» ብላችሁ ጠይቋት፣ ከዚያ ፈቃድ አግኝታችሁ ወርክሾፑን ራሱን ቅረጹት። ካሜራ ፍረጃን ማንሣት አይችልም፤ የሚያነሣው ማን እንደተቀመጠ፣ ማን እንደተመረጠ፣ ማን እንደታለፈ ነው። መልስ ሲሰጧችሁ ጨርሰው ዝም ሲሉ እናንተም አምስት ሰከንድ ያህል ዝም በሉ። ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር ከዚያ ዝምታ በኋላ ነው የሚመጣው።

የሰውም ቁጥር አለ። 12 ደቂቃ ለ15 ሰው ስታካፍሉት ለእያንዳንዱ 48 ሰከንድ ይደርሰዋል፤ በዚያ ማንም ሰው ሰው አይሆንም። ሦስት ሰው ይበቃል፣ ቢበዛ አራት። ለእያንዳንዱ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ቃለ መጠይቅ፣ ሲደመርበት ግማሽ ቀን ሥራው ላይ ወይም ክፍሉ ውስጥ ተከታተሉት።

አንድ ወጥመድ ልጨምር፤ ጎበዞች ሳይቀሩ የሚወድቁበት ነው። «ባጃጅ ነጂ ትምህርት የከበደው ነው» የሚለውን ለማፍረስ ባለ ዲግሪ ባጃጅ ነጂ ትፈልጋላችሁ። ተመልካቹ ያየዋል፣ «እሱማ ልዩ ነው» ይላል፣ ስለሌሎቹ የነበረው ሐሳብ ንቅንቅ አይልም። ይልቅ ተራው ላይ ከቆሙት ሦስት አራት ነጂዎች ወደ ሥራው የገቡባቸውን የተለያዩ መንገዶች አሳዩ። አንዱ ቤተሰብ ሊረዳ፣ አንዱ የማታ እየተማረ፣ አንዱ ሥራውን ወድዶት። ልዩነታቸው ሲታይ ነው «ሁሉም እንዲህ ናቸው» የሚለው የሚላላው።

ቀይ_መብራት

መቀስ ላይ ትንሽ ልከራከር። የመንገድ ጥያቄ ጭራሽ አይጠቅምም ማለት ይከብደኛል። አስተያየት ሳይሆን ግምት ጠይቁ። ፈቃደኛ የሆኑ ሦስት ልጆችን ፎቶ አሳይታችሁ «ይህ ልጅ ምን ይማራል? ከየት የመጣ ይመስልሃል?» በሉና መልሱን ገማቹ ራሱ ወረቀት ላይ ይጻፈው። ፊቱን አትቅረጹ፣ የሚጽፈውን እጅና ወረቀቱን ብቻ ቅረጹ። ማንም ለካሜራ ብሎ አያጋንንም፣ ማንም በስሙ አይዋረድም፣ የግምቶቹ መመሳሰል ግን ራሱ ይናገራል።

መቀስ

በወረቀት ከሆነ እስማማለሁ። ሁለት ነገር ብቻ፦ ባለ ፎቶዎቹ ወረቀቶቹን ከማንም በፊት ብቻቸውን ይዩ፣ ካዩ በኋላም «ይቅርብኝ» የማለት መብት ይኑራቸው። ካሜራ ፊት ድንገት አንብቡ ማለት ጭካኔ ነው።

መምህር_ሳይኮ

ልጆች፣ ቀይ_መብራት ያለው ነገር የቆየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1933 ካትዝ እና ብሬሊ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለ100 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 84 ቅጽሎች ሰጥተው፣ ለ10 ሕዝቦች የሚስማማውን እንዲመርጡ ጠየቋቸው። ተማሪዎቹ በአካል አግኝተዋቸው ስለማያውቋቸው ሕዝቦች እንኳ መልሳቸው ተቀራረበ። እ.ኤ.አ. በ1951 ጊልበርት እዚያው ዩኒቨርሲቲ ሲደግመው ደግሞ ብዙዎቹ ጥያቄው ራሱ አላስደሰታቸውም። ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1989፣ ፓትሪሺያ ዲቫይን የተባለች ተመራማሪ አንድ ጠቃሚ ልዩነት አሳየች፦ ፍረጃን ማወቅና ፍረጃን ማመን ሁለት ነገር ነው። ጥላቻው የበረታበትም የቀነሰበትም ሰው ኅብረተሰቡ የሚለውን እኩል ያውቀዋል።

ይህ ለትረካችሁ ምን ማለት ነው? «ስለ ገጠር ልጆች ምን ሲባል ሰምተሃል?» ብላችሁ ጠይቃችሁ የተሰጣችሁን መልስ «ተማሪዎች እንዲህ ያምናሉ» ብላችሁ ማንበብ ውሸት ነው። «ተማሪዎች እንዲህ ሲባል ሰምተዋል» በሉ። ደግሞ ከአንድ ዶርም የተሰበሰበ 20 ወረቀት ይዛችሁ «80 በመቶ» አትበሉ። «ከጠየቅናቸው 20 ልጆች 16ቱ» ስትሉ ተመልካቹ መጠኑን ራሱ ይመዝናል።

መምህሩንም ትርጉም አትጠይቋቸው፤ «ጅምላ ፍረጃ ማለት…» ብለው ከጀመሩ አዳራሹ ክፍል የገባ ነው የሚመስለው። ከቀረጻችሁት አንድ ሁለት ደቂቃ አሳዩአቸውና «እዚህ ጋ ምን ሲሆን ያያሉ?» በሏቸው። በፊልሙ ውስጥ ከ90 ሰከንድ አይብለጡ። እኔም መምህር ነኝና ቅር አይለኝም።

ድምፅ_ቀጂ

ወደ ነፋሱ ልምጣ። ከሰዓት ሐይቁ ዳር ቃለ መጠይቅ አትቅረጹ። ቀኑ እየገፋ መሬቱ ከውሃው ይበልጥ ይሞቃል፣ ሞቃቱ አየር ሲነሣ የሐይቁ ቀዝቃዛ አየር ወደ ዳር ይነፍሳል። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ውሃው የረጋ ነው፣ ፀሐይዋም ገና ዝቅ ያለች ስለሆነ ፊት ላይ ደህና ታርፋለች። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ላይ ደግሞ የሙሽራ መኪና ጡሩምባ አለላችሁ።

ከማይኩ ጋር የሚመጣው ጥቁር ስፖንጅ የሚያግደው እስትንፋስን እንጂ ነፋስን አይደለም። በላዩ ፀጉራም ሽፋን ያስፈልጋል። ካጣችሁ ከአሮጌ ፀጉራም ጨርቅ ቆርጣችሁ በላስቲክ እሰሩት። ማይኩ ከአገጭ በታች ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ይሁን። የነጠላ ጥለት ላይ አትሰኩት፣ በተነቃነቀ ቁጥር ይፋተጋል፤ ሐብልም ይውለቅ። ከመሄዳችሁ በፊት የማይኩን መሰኪያ እዩት፦ ሦስት መስመር ካለው ለስልክ ነው፣ ሁለት ካለው ለካሜራ ነውና ያለ መለወጫ ስልኩ አያውቀውም። ስልኩ ሳይነግራችሁ በራሱ ማይክ መቅዳት ይቀጥላል፤ ቤት ገብታችሁ ነው የምታውቁት። ስለዚህ በየቦታው 10 ሰከንድ ቅዱና የደረት ማይኩን በጥፍር ነካ ነካ አድርጋችሁ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት።

የሚሻለው ማይኩን ሁለተኛው ስልክ ላይ ሰክታችሁ ተናጋሪው ኪስ ውስጥ መክተት ነው። ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁን፣ አለዚያ ጥሪ ሲመጣ ቀረጻው ይቋረጣል። መጀመሪያ ላይ ካሜራው ፊት አንዴ አጨብጭቡ፣ በቅንብር ጊዜ ድምፁንና ምስሉን የምታገጣጥሙት በእሷ ነው። አሁን የሚበላሸውን ልንገራችሁ፦ የስልክ ቪዲዮ በሰከንድ የሚይዘው የምስል ብዛት ይዋዥቃል። ላፕቶፑ ላይ ስታስገቡት መጀመሪያው ይገጥምና 20ኛው ደቂቃ ላይ ከንፈርና ድምፅ ይለያያሉ። ከቅንብር በፊት ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም በሰከንድ ወደ ቋሚ 25 ፍሬም (ምስል) ቀይሩት። 

ቤት ውስጥ ከሆነ ፍሪጁን ንቀሉት። (የቤቱን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡት፣ መልሳችሁ ሳትሰኩ መውጣት አትችሉም።) ባዶ የሲሚንቶ ግድግዳ ድምፅ ያስተጋባል፣ ከካሜራው ጀርባ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ስቀሉ። ክረምት ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መቅረጽ አይታሰብም። በየቦታው ደግሞ ማንም ሳይናገር የክፍሉን ድምፅ 30 ሰከንድ ቅዱ፤ ንግግር ስትቆርጡ ክፍተቱን የምትሞሉት በሱ ነው።

ስለ ብርሃኑ ባጭሩ። ከጀርባ የሚያበራ ውሃ ካለ ስልኩ ለውሃው ብሎ ፊቱን ያጠቁረዋል። ሰውየውን አዙሩት፣ ሐይቁ በጎኑ ይሁን፣ ጥላ ሥር ይቁም፣ ከዚያ ስክሪኑ ላይ ፊቱን ተጭናችሁ ያዙና የብርሃን መጠኑን ቆልፉት። ነጭ ነጠላ በአንድ ሜትር ርቀት በሌላው ጎን ቢዘረጋ ብርሃን ይመልስላችኋል። ክፍል ውስጥ በረጃጅም አምፖል ሥር ስትቀርጹ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር የሚወጣው የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ነው። ካሜራው ላይ ፕሮ ሞድ (በእጅ የሚስተካከለው) ገብታችሁ ሹተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ አድርጉት። 4ኬ አትቅረጹ፣ ያ ላፕቶፕ አይችለውም። በ1080 የስልክ ቪዲዮ በሰዓት ወደ 8 ጊጋባይት ይጠጋል፤ ዐሥር ሰዓት ከቀረጻችሁ 80 ያህል ቦታ፣ ቅጂው ሲጨመር እጥፉን አዘጋጁ። በቴሌግራም የምትላላኩ ከሆነ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ አለዚያ ጨምቆ ያበላሸዋል።

ጣና_ሚዲያ_ክበብ

እጅግ እናመሰግናለን። መክፈቻውን ጣልነው፣ ሦስት ሰው ላይ አተኩረናል። መምህር፣ የትረካውን ነገር እንዳሉን እናስተካክላለን። አሁን ሁለት ነገር ቸገረን። አንዷ ልጅ እናቷ ሸክላ ሠሪ ናቸው፣ «ቡዳ» እየተባለች ነው ያደገችው። ልትናገር ፈቅዳለች፣ ፊቷ ግን እንዳይታይ ትፈልጋለች። ሁለተኛ፣ ለማሳመሪያ ታንኳ የሚቀዝፉ የወይጦ (ጣና ዳር የሚኖር ማኅበረሰብ) ልጆችን ጠዋት ጠዋት ልንቀርጽ አስበናል። የፈቃዱም ነገር ገና ነው።

ደንገል

«ለማሳመሪያ» ያላችሁት ቦታ ላይ ቁሙ። ስለ መገለል በሚያወራ ፊልም ውስጥ፣ ለረጅም ጊዜ የተገለለ ማኅበረሰብ ልጆች ስማቸው ሳይጠራ፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ በሌላ ሰው ትረካ ሥር በታንኳ ሲያልፉ ማየት ራሱ ፍረጃ ነው። የነገደ ወይጦ ወጣት ካስገባችሁ ከሦስቱ ባለ ታሪኮች አንዱ አድርጉት፤ ለሌሎቹ ያቀረባችሁትን ጥያቄ አቅርቡለት፤ በምን ስም መጠራት እንደሚፈልግም እሱን ጠይቁት። ስለ ጉማሬ የሚባለውን የድሮ ወሬ እሱ ካላነሣው በተራኪው አፍ አታንሡት፣ «ውሸት ነው» ለማለትም ቢሆን። ባለ ታሪክ የማይሆን ከሆነ ታንኳውም ከፊልሙ ይውጣ። ጣና በጠዋት ያለ ታንኳም ያምራል።

ስለ ልጅቷ። ፊት ላይ ብዥታ መደረብ አይበቃም፤ ዋናው ፋይል ላይ ፊቷ አለ፣ ስልክ ይሰረቃል። ከመጀመሪያው በጥላ ቅረጿት፦ መስኮት ወይም ብሩህ ግድግዳ ከጀርባዋ፣ ከፊቷ ምንም ብርሃን የለም፣ የብርሃን መጠኑን ጀርባው ላይ ቆልፉ። የፀጉር አሠራሯና የጆሮ ጌጧ ቅርጽ በጥላም ይለያልና ሻሽ ትሰር። ድምፅን ማወፈር ወይም ማቅጠን ደግሞ የማይረባ ዘዴ ነው፣ ማንም መልሶ ሊያስተካክለው ይችላል። ቃሏን ጽፋችሁ በሌላ ሴት አስነብቡት፣ «ድምፁ የባለ ታሪኳ አይደለም» የሚል ጽሑፍ ሥር ላይ ይውጣ። የስልኩን የቦታ መመዝገቢያ አጥፉ፣ የፋይሉ ስም ላይ ስሟን አትጻፉ።

ንግግሯ ሥር ምን ምስል ይሂድ የሚለው ነው ከባዱ። የእናቷን ምጣድና ጀበና ካሳያችሁ የገበያ ደንበኛ በአንድ ዓይን ያውቃቸዋል። የሌላ ሸክላ ሠሪ ካሳያችሁ ደግሞ «ቡዳ» የሚለው ቃል ምንም በማያውቁ ሴት ላይ ያርፋል፤ ይህ በጣም የሚዘወተርና ማንም ልብ የማይለው ጥፋት ነው። ሸክላ ጭራሽ አታሳዩ። እሷ የምታልፍበትን መንገድ፣ የክፍል በር፣ ባዶ ወንበር አሳዩ። ይህ ሁሉ ተደርጎም የታሪኩ ዝርዝር ሰፈሯን ሊጠቁም ይችላል፤ ከመፈረሟ በፊት ይህንን በግልጽ ንገሯት፣ የተቆረጠውንም ፊልም ከማንም በፊት እሷ ትየው።

ፈቃድ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ እንዳይታይና እንዳይባዛ ይከለክላል። አንቀጽ 28 በአደባባይ የተፈጸመን ነገርና የመሳሰሉትን ለይቶ ያስቀራል፣ ስለዚህ በሩቅ የሚታይ የመንገድ ሕዝብ አያስጨንቃችሁም። ፊቱ ተለይቶ የሚናገር ሰው ግን ይፈርም። ወረቀቱ ላይ ፊልሙ ስለ ምን እንደሆነና የት እንደሚታይ ይጻፍ። አዳራሽ፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክ ለየብቻ ምልክት የሚደረግባቸው ይሁኑ፣ ምክንያቱም ለአዳራሽ የፈቀደ ሁሉ ለቲክቶክ አይፈቅድም። እስከ መቼ መውጣት እንደሚችልም ቀን ይቀመጥ። ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይፈርማል። የጥላቻ ንግግርን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ለትምህርትና ለጥበብ ሥራ የተለየ ቦታ ይሰጣል፤ ተቆርጦ የወጣ ስድብ ግን ይህን መከላከያ ይዞ አይዞርም። ብሔርና ሃይማኖት የሚነካ ዓረፍተ ነገር ካለ መቀስ ያለውን የ15 ሰከንድ ፈተና ሁለቴ አድርጉት።

ከኮሌጁ ማኅተም ያለው የትብብር ደብዳቤ አስጽፉ፣ ኮፒውን ሁላችሁም ያዙ። ለቀበሌውም ለግቢ ጥበቃውም የምታሳዩት እሱን ነው። ድልድይና የመንግሥት መሥሪያ ቤት አካባቢ ስልክ ከማውጣታችሁ በፊት ጥበቃዎቹን አነጋግሩ። ድሮን ያለ ፈቃድ አይነካም።

መምህር_ሳይኮ

ስለ ማሳያው ቀን አንድ ነገር። ከፊልሙ በኋላ ማይክ እያዞራችሁ «አስተያየት» አትጠይቁ፣ ሦስት ደፋሮች ብቻ ናቸው የሚናገሩት። ጎርደን ኦልፖርት የተባለ የሳይኮሎጂ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 የተለያዩ ቡድኖች መገናኘት ጥላቻን የሚቀንስባቸውን ሁኔታዎች ዘርዝሯል፦ እኩል ደረጃ፣ የጋራ ግብ፣ መተባበር እና የተቋሙ ድጋፍ። ስለዚህ ተመልካቹን ከተለያየ ትምህርት ክፍል አደባልቃችሁ በስድስት በስድስት አስቀምጡና ሥራ ስጡት። ለምሳሌ «የሚቀጥለው ዓመት አዲስ ተማሪ ዶርም ሲገባ በመጀመሪያው ሳምንት ምን ይደረግለት?» ብላችሁ አንድ ገጽ ያስረክቡ። ዲኑ ቢቀበሏቸው ይመረጣል።

ጣና_ሚዲያ_ክበብ

ደንገል፣ ታንኳውን አውጥተነዋል፤ ባለ ታሪክ የሚሆን ልጅ ፈቃደኛ ከሆነ ተመልሰን እንነጋገራለን። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ለሙከራ የጻፍነው የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ላፕቶፑ ላይ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ወጣ። ምንድን ነው?

መቀስ

የመረጣችሁት ፎንት የግእዝ ፊደል የለውም። ኒያላ፣ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮጲክ ጫኑ፣ ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ክፈቱና ምረጡት። ሳጥን ሳይሆን የላቲን ፊደልና ምልክት ተዘበራርቆ ከወጣ ደግሞ ጽሑፉ ዩኒኮድ (የዛሬው የጋራ የፊደል ኮድ) ባልሆነ የድሮ ፎንት የተተየበ ሊሆን ይችላል፣ እንደገና መተየቡ ይሻላል። ፋይሉን በኖትፓድ ስታስቀምጡ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ምረጡ። በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር አይብለጥ፣ ነጭ ፊደል በጥቁር ጠርዝ ይሁን፣ ሐይቁ ሲያበራ ባዶ ነጭ አይነበብም። መጠኑን ደግሞ ላፕቶፑ ላይ አትወስኑ። በማሳያው አዳራሽ ፕሮጀክተር መጋረጃ ሳይዘጋ አብርታችሁ ከመጨረሻው ወንበር አንብቡት፤ እዚያው ሳላችሁ ድምፁን ከአዳራሹ ስፒከር ጋር ሞክሩት፣ ላፕቶፑን ከሚክሰሩ (ከአዳራሹ ድምፅ መቆጣጠሪያ) የሚያገናኘውን ገመድም ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ።